የአስካለች ፍጥነት

አስካለች ወደ ጓዳ የገባችው ጆሮዋን ልትጥል አልነበረም፤ የስኳር ጆንያ ልትጎትት ነበር። ባሏ ዱካሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ በስልክ እያወራ ይስቃል። "ዐሥራ አምስት ላይ ቆልፌባታለሁ" ይላል። "አላወቀችም እኮ። ባትሪው የደከመ መስሏታል። አንተ ብቻ ዝም በል ምሕረቱ፣ ትንሽ በዐሥራ አምስት ከተንፏቀቀች ሰልችቷት ራሷ ትተወዋለች። ከዚያ ሰው እንቀጥርበታለን።" ጓደኛው ምሕረቱ ከጀርሚስተን ምን እንደመለሰ አልተሰማም፤ ሳቁ ግን ጓዳው ድረስ መጣ። አስካለች ጆንያውን ባለበት ትታ በእግር ጣቷ ተመለሰች። መስኮቱ ላይ አንዲት ደንበኛ ግማሽ ዳቦና አራት ቁራጭ ፖሎኒ ቋሊማ እየጠበቀች ነበር። አስካለች በንዴት ስድስት ቆርጣ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋም ባለሱቋ ሐሳቧን ሳትቀይር ልሂድ ብላ በፍጥነት ሄደች።

ሰሞኑን የለፋችው ልፋት ሁሉ ታወሳት። የኤሌክትሪክ ብስክሌቷ በሰዓት ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ ሞተሩ ዝም ይላል፤ ከዚያ በላይ በራስ ጉልበት ነው። ዳቦ የሞላ ሳጥን ከኋላ አስሮ የጻካኔን ዳገት በእግር መግፋት ደግሞ ለጠላት አይመኙትም። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ሰክታ አሳድራለች፣ ሰንሰለቱን በምግብ ዘይት አሽታለች፣ አንድ ቀን ጠዋትማ ማንም እንደማያያት አረጋግጣ እጇን ባትሪው ላይ ጭና ጸልያለታለች። ትናንት ማስኩን አገጩ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ሯጭ ሽማግሌ ከኋላዋ መጥቶ በአገሩ ሰላምታ "ሻርፕ፣ ማማ!" ብሏት ዳገቱ ላይ ጥሏት ሄደ። ለካ መዘዙ ያለው ባሏ ስልክ ውስጥ ነው። ብስክሌቷ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ዓይነት ናት፤ አፑ ያለው ሰው የፍጥነቷን ጣሪያ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ጣሪያው ሲወርድ የሞተሩ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ሲገዙ አፑን የጫነው ዱካሞ ነበር፣ እዚያው እሱ ጋ ቀረ።

አስካለች ጻካኔ ከመጣች ጀምሮ ሎኬሽን የሚሉትን የድሆች ሰፈር የምታውቀው በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ነበር። እጅ ይገባል፣ ራንድ ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል፤ ከእጁ ኋላ ያለው ሰው ግማሽ ፊት ነው። ሎክዳውን መጣና ያ ግማሽ ፊት ደግሞ በማስክ ተሸፈነ። አሮጊቶቹ በሽታውን ፈርተው ከቤት መውጣት ሲያቆሙ አስካለች ዳቦ በእግሯ ማድረስ ጀመረች፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ዶክተር አስረሳኸኝ ቦርጩን ሊያጠፋበት ገዝቶት ከግቢው በር ያላለፈበትን የኤሌክትሪክ ብስክሌት በግማሽ ዋጋ ለቀቀላት። ያን ጊዜ ሎኬሽኑ ተከፈተላት። ጎጎ ኖምሳ በረንዳ ላይ ጀራንየም አበባ እንደምትተክል፣ የቧንቧ ሠራተኛው ቤት አራት ውሻ እንዳለ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሆነው ሲያዩ የማዕድን ማውጫው የአሸዋ ክምር ማታ ማታ ወርቅማ እንደሚሆን ያወቀችው በብስክሌቷ ነው። "ሳዎቦና ጎጎ"፣ ሰላም አያቴ፣ ስትል የምትሰማው መልስ ረዥም ነበር፤ ጉልበት ያመማል፣ ልጅ ከደርባን አልደወለም፣ ዳቦው ዛሬ ትኩስ ነው። አስካለች ግማሹን አትረዳውም፣ ግን ሁሉንም ትወደዋለች። ሰው ይቀጠርበት ማለት ወደ ፍርግርጉ ትመለስ ማለት ነው።

ዶክተሩ ብስክሌቱን ሲያስረክባት የነገራት ነገር አለ። "ሞተሩ የሚያግዝሽ እስከ ሃያ አምስት ነው። ከዚያ በላይ ሞተር ሳይክል ሆነሽ ማለት ነው፤ ሰሌዳ የት አለ፣ መንጃ ፈቃድ የት አለ ይመጣል። እስከ ሃያ አምስት ድረስ ግን ማንም አይናገርሽም።" አስካለች ይህን ወደደችው። በአባቷ ቤትም፣ በወንድሟ ቤትም፣ በባሏ ቤትም እስከዚህ ድረስ ማንም አይናገርሽም ብሎ ቁጥር የሰጣት ሰው አልነበረም። ሃያ አምስት የሷ ነበር። ያውም የቀማት ማን ነው? ዱካሞ! ከተማ ውስጥ ስልሳ የሚለውን ምልክት ለሌላ ሰው የተተከለ የሚመስለው፣ ሀይዌዩ ላይ ጭነት የያዘች አሮጌ ፒክአፑን፣ ባኪዋን፣ በመቶ ሃምሳ የሚያስጮህ፣ የቅጣት ወረቀቱን ከፍሪጁ በላይ እየከመረ "ካሜራው እኔን ይወደኛል" የሚል ሰው። እሱ እንደሚለው የፍጥነት ሕግ የወጣው የሚሄዱበት ለሌላቸው ሰዎች ነው።

ልትጮህበት ፈለገች፤ ግን ዱካሞ በጩኸት እንደማይረታ ታውቃለች። ሱቁ ጥግ ሄዳ የቤተ ክርስቲያናቸው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ለሆኑት ለጋሽ ደጉ ደወለች። ጋሽ ደጉ ክሊፕታውን ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ የስንቱን ትዳር ከመፍረስ አድነዋል። ሽምግልና እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ድምፃቸው ወረደ።

"መታሽ እንዴ ልጄ?"

"አይ ጋሼ።"

"ሌላ ሴት ነው?"

"አይደለም ጋሼ። ፍጥነቴን ቀነሰብኝ።"

ጋሽ ደጉ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ። በሽምግልና ዘመናቸው የእርሻ ድንበር፣ የጥሎሽ፣ የአማት ነገር ዳኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ክስ ግን መጥቶላቸው አያውቅም። በመጨረሻ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ለእኩለ ቀን በዙም እንቀመጣለን አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በዙም ነበር፤ ጸሎቱ፣ ለቅሶው፣ ልጅ መጎብኘቱ። ነፃው ዙም በአርባ ደቂቃ ስለሚቋረጥ ሽማግሌዎቹ ነገር ማሳጠር እየለመዱ መጥተዋል፤ ብዙ ባለትዳሮችም በዚህ ደስ ብሏቸዋል።

እስከ እኩለ ቀን ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ። ዱካሞ ከጋሽ ደጉ ስልክ ሲደወልለት አንዴ ሚስቱን አየ፣ አንዴ ስልኩን አየ፣ ከዚያ የሰርዲን ጣሳዎቹን እንደገና መደርደር ጀመረ። ጣሳዎቹ ትናንት ነው የተደረደሩት። "ዘይት ስንት ነው የቀረው?" አላት አንድ ጊዜ። "እየው" አለችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ምሕረቱ ሰላም ብሎሻል" አላት፤ ይህችኛዋን ባይናገራት ይሻለው ነበር። ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ የሚገዛ አንድ ጎረምሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኑን አዙሮ ማስኩ ውስጥ ፈገግ አለ። የባልና ሚስት ኩርፊያ ትርጉም አይፈልግም።

ዙሙ ሲከፈት ስልኩን የሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ አስደግፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ ካሜራው ጠባብ ስለሆነ ተራርቆ መኳረፍ አልተቻለም። ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ደጉ በከረቫት፤ ዶክተር አስረሳኸኝ ከኋላው መጻሕፍት ደርድሮ፤ ሦስተኛው ያው ምሕረቱ ነው። ጋሽ ደጉ በጸሎት ከፈቱና አስካለች ክሷን ተናገረች። ሰምታ ያገኘችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

"እንዴት ያለ ጉድ ነው!" አለ ምሕረቱ፣ ገና አሁን የሰማ መስሎ።

"አንተማ ሳቅህ ጓዳዬ ድረስ ተሰምቷል" አለችው አስካለች።

ምሕረቱ ዙሙ ላይ ድምፁ የተዘጋበት ይመስል አፉ ተንቀሳቅሶ ድምፅ አልወጣውም። ጋሽ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክርክሩ የሄደው ሽምግልና በሚሄድበት መንገድ ነው። ዱካሞ ቆለፍኩ አለ፣ አልካደም፤ ዐሥራ አምስት ለሴት ይበቃል አለ። ዶክተሩ ሃያ አምስት የሚለው ቁጥር ከፋብሪካው ጀምሮ የታሰበበት መሆኑን፣ ፍሬኑም ጎማውም በዚያ ልክ መሠራቱን አስረዳ። ጋሽ ደጉ ሁለቱንም አዳምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሰባት ከብት ተካሰው የመጡ ጎረቤታሞችን ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት አደረጉ፤ መሐሉን ፈለጉ። "እንግዲህ እሱ ዐሥራ አምስት ይላል፣ እሷ ሃያ አምስት ትላለች። ሁለታችሁም ለእግዚአብሔር ብላችሁ አምስት አምስት ተዉ። ሃያ ይሁን።" "አሜን!" አለ ምሕረቱ ከሁሉም ቀድሞ። ዶክተሩ የፍጥነት ጣሪያ እንደ መሬት በስምምነት የሚካፈል ነገር መሆኑን እየተጠራጠረ፣ ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። ሰዓታቸውም ገና ግማሹ አላለቀም፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በዚህ መሐል መስኮቱ ተንኳኳ፣ "ቱ ሎፍስ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ዱካሞ ተነሥቶ ሁለት ዳቦ ሸጦ እንደ አሸናፊ ተንጎማልሎ ተመለሰ።

"እኔ ሃያውን እቀበላለሁ" አለች አስካለች። "ግን ጋሼ፣ ከኔ ከሕጉ ላይ አምስት ከተቀነሰ ከሱም አምስት ይቀነስለት። ከተማ ውስጥ ስልሳ በሚለው ሃምሳ አምስት ይንዳ። ሀይዌዩ ላይ መቶ ሃያ በሚለው መቶ ዐሥራ አምስት።"

ዱካሞ ከት ብሎ ሳቀ። "በሃምሳ አምስት? ታክሲዎቹ ያሳድሩኛል? በላዬ ላይ ነው የሚሄዱት!" ከዚያ የሆነው ነገር በሽማግሌ ወንበር ላይ ሊሆን የማይገባው ነበር፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች አብረውት ሳቁ። ምሕረቱ በዚህ አገር በስልሳ የሚነዳ ሰው ቀብር የሚያጅብ ብቻ ነው አለ። ጋሽ ደጉ ራሳቸው፣ እርግጥ ሕግ ሕግ ነው፣ ግን መንገዱ ባዶ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል ብለው በለሆሳስ ተናገሩ። ዶክተሩ ስለ ትራፊክ ፍሰት አንድ ጥናት መጥቀስ ጀመረ። አስካለች ከስልኩ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚስቁትን ወንዶች አየች፤ የተሸነፈችም መሰላት።

ድሮ ሽምግልና ሲሆን ወንዶቹ አንድ ሳሎን ይቀመጣሉ፣ ሚስቶቻቸው በየቤታቸው ይቀራሉ። ጋሽ ደጉ ያላሰቡት ነገር ዙም ሳሎኑን ወደየቤቱ እንደወሰደው ነው። ከምሕረቱ ጀርባ ያለው መጋረጃ ተንቀሳቀሰና ሚስቱ ፅናት እጇ ላይ የዱቄት ሊጥ እንዳለ ብቅ አለች። "ቀብር ነው ያልከው? እስቲ ብራክፓን ጋ ባለፈው ወር ያደረግኸውን ንገራቸው። ልጆቹን ከኋላ ጭኖ በመቶ ስልሳ! ትንሿ ልጄ አስታወከች እኮ ጋሽ ደጉ!" ምሕረቱ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረ፤ ድምጿ ግን አልጠፋም። ዶክተር አስረሳኸኝ በዘዴ ወደ ጎን ሊል ሲል ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጀርባ የባለቤቱ የዮአዳን ድምፅ መጣ፤ እሱ ሕግ አክባሪ የሚሆነው የመንገዱ ካሜራ ጋ ሲደርስ ነው፣ ካሜራዎቹ ያሉበትን ደግሞ ከታካሚዎቹ ስም በላይ ያውቃል አለች። ለጋሽ ደጉ ሻይ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ደግሞ ሻዩን አስቀምጠው አልሄዱም። ምንም አልተናገሩም። ከባላቸው ትከሻ ኋላ ቆመው ካሜራውን ብቻ አዩ፤ ጋሽ ደጉም ከረቫታቸውን ላላ አደረጉ።

ሳቁ በረደ። ያን ጊዜ ጋሽ ደጉ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸውን ጠየቁ። "ዱካሞ፣ እስቲ እውነቱን ንገረን። ለምን ቆለፍክባት?"

ዱካሞ እጆቹን አየ። "አንድ ቀን ከባኪው ሆኜ አየኋት" አለ። "ታክሲ በዚህ፣ ታክሲ በዚያ፣ እሷ በመሐል ዳቦ ጭና ትሄዳለች። ትስቅ ነበር። አላየችኝም። ባኪውን ዳር አቁሜ እስክትርቅ አየኋት። እዚህ አገር እኔ ማን አለኝ ጋሼ? እሷ አንድ ነገር ብትሆን ሱቁን ነው የማቅፈው? እንዳላጣት ብዬ ነው።" ይህን ብሎ ደንበኛ የመጣ ይመስል ወደ መስኮቱ ዞረ፤ መስኮቱ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

አስካለች ይህን አልጠበቀችም። ንዴቷ ከሥሩ ተነቀለባት፣ ትታው ግን ዝም አላለችም። "እኔስ?" አለችው፣ ሽማግሌዎቹን ረስታ። "አንተ ለጭነት ስትወጣ እኔ ማን አለኝ? በመቶ ሃምሳ እንደምትሄድ እያወቅሁ መስኮቱ ጋ ዳቦ እሸጣለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፖሊስ ይሆን እላለሁ። አንድም ቀን ቆልፌብህ አላውቅም። የምቆልፍበት አፕ አልተሰጠኝማ!"

በሦስቱም አራት ማዕዘኖች ውስጥ ሴቶቹ ቆመዋል፣ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። የጋሽ ደጉ ባለቤት እጃቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ፤ ምን ያህል እንደተጫኑት ከጻካኔ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፣ ግን ጋሽ ደጉ ወዲያው ቀና አሉ። ሃያውን ሽሬዋለሁ አሉ። መሐሉን መፈለግ ስህተት ነበር፣ ሕጉ ራሱ መሐል ነው አሉ። ለአስካለች ሃያ አምስት፣ ለዱካሞ ምልክቱ ላይ የተጻፈው፣ ከላይም ከታችም አንድ ቁጥር የለም። "የኛን ነገር ደግሞ" ብለው ወደ ኋላቸው በጨረፍታ አዩ፣ "እኛ እቤታችን እንነጋገርበታለን።" ዱካሞ ካሜራው ፊት አፑን ከፍቶ ጣሪያውን ወደ ሃያ አምስት ገፋ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የአስካለችን ስልክ ተቀብሎ አፑን እሷው ላይ ጫነላት፣ ከራሱ ደግሞ አጠፋው። ጋሽ ደጉ የመዝጊያ ጸሎት ሲጀምሩ አርባው ደቂቃ አለቀና ዙሙ ተቋረጠ። አሜኑን ሁሉም በየቤቱ አለ።

ከሰዓት በኋላ አብረው ወጡ፤ መስኮቱን ለጎረቤት ሱቅ ባለቤት ለአለማየሁ አደራ ብለው እሱ በባኪው ወደ ጀርሚስተን ለስኳርና ለዘይት፣ እሷ በብስክሌቷ ወደ ዳገቱ። ዱካሞ ከኋላዋ ነበር። ለመቅደም ቦታ ነበረው፣ አልቀደመም። ከሱ ኋላ ታክሲ ጡሩምባ ነፋ፣ ሌላ ታክሲ ደገመ፤ ዱካሞ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ እለፉ እያለ ሲለምን ሰዎች ባኪዋ የተበላሸች መስሏቸው ሊገፉለት መጡ። ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራት ጋ ሲደርሱ እሷ ወደ ቀኝ ታጠፈች። "ቀስ በይ!" ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ የተናገረው ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። "አንተም!" ብላ ጮኸችለት።

ሞተሩ ዳገቱ ላይ ገፋላት። ትናንት ትንፋሿን የጨረሰባት ቦታ ላይ ዛሬ እየዘፈነች ደረሰች። የቧንቧ ሠራተኛው ውሾች ሮጠው፣ ሮጠው፣ ተስፋ ቆረጡ። ጎጎ ኖምሳ ዳቦውን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ሞከረችና ብዙ አወራች፤ አስካለች ያልገባትን ጭምር አዎ አዎ አለቻት። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ከፔዳሉ አንሥታ ለቀቀችው። ነፋሱ ማስኳን ፊቷ ላይ ለጠፈው። የብስክሌቱን የፍጥነት ማሳያ ስታይ ሠላሳ አንድ ይላል። ደንግጣ ፍሬን ያዘች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ለብቻዋ ሳቀች።

ሱቅ ገብታ ሳጥኑን ስታወርድ ዱካሞ ደወለ። ድምፁ የተቀጣ ተማሪ ድምፅ ነበር። "ጅምላ ሻጮቹ ዘግተዋል። በሩ ላይ ቆሜ ነው የማወራሽ። ሁልጊዜ እደርስ ነበር እኮ! ስኳር የለም፣ ዘይት የለም፣ እስከ ሰኞ ድረስ ባዶ ነን" አለ፣ ከዚያ ቁጣዋን ጠበቀ።

"አንተስ ደርሰሃል?"

"ደርሻለሁ ነው የምልሽ። ጅምላ መደብሩ ነው የተዘጋው።"

"እንግዲያው ምን ጎደለን?" አለች አስካለች። ከወዲያ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል። "ስንት ነዳህ?" አለችው ቆይታ።

"መቶ ሃያ።"

"ዱካሞ።"

"እሺ፣ መቶ ሃያ ስምንት። አንዴ ብቻ፣ ጭነት መኪና ለማለፍ። አንቺስ?"

አስካለች ሃያ አምስት ልትል አፏን ከፈተች። "ቁልቁለቱ ላይ ሠላሳ አንድ" አለች። "ሞተሩ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው።" የሚቆጣ መስሏት ስልኩን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከሆዱ፣ እሷም ተከተለችው፤ ሁለቱም በየበኩላቸው እስኪያነቡ ሳቁ። "ለጋሽ ደጉ እንዳትነግሪ" አላት በመጨረሻ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። "አሁን በልኩ ነው የምመጣው። ይመሽብኛል።"

"ይምሽ" አለችው። "ብቻ ና።"